በሕይወት ላለች ሀገር የወረደ ሙሾ

ከነቢያት ሁሉ አሞጽን አብልጬ እወዳለሁ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ለድሆች ሲቆጣ ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን ቁጣውን ያወጣበት መንገድ ነው። ምዕራፍ 5ን እስቲ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። «የእስራኤል ድንግል ወደቀች፤ ደግሞም አትነሣም» ይላል። ይሄ ስብከት አይደለም፣ ሙሾ ነው። ራሱም ከአንድ ቁጥር በፊት ሙሾ መሆኑን ይናገራል።

ጊዜውን አስቡት። ከክርስቶስ ልደት በፊት 8ኛው መቶ ዓመት፣ ዳግማዊ ኢዮርብዓም ነግሦ ነው። ሰሜኑ የእስራኤል መንግሥት ድንበሩን አስፍቷል። ባለጠጋው በዝሆን ጥርስ አልጋ ላይ ተጋድሞ በመሰንቆ ያንጎራጉራል። ታዲያ ከደቡብ፣ ከቴቁሔ የመጣ እረኛና ሾላ ለቃሚ ተነስቶ ሙሾ ያወርዳል። ሬሳ የለም፣ ቀብር የለም። ሟቿ ቆማ እየሰማችው ነው።

የዕብራይስጥ ሙሾ የራሱ ምት አለው። ብዙውን ጊዜ የስንኙ መጀመሪያ ሦስት ምት ይኖረዋል፣ ቀጣዩ ሁለት ላይ ይቆረጣል፤ ልክ ሳግ እንደተናነቀው ሰው። ያን ዜማ ሕዝቡ ከልቅሶ ቤት ያውቀዋል። ስለዚህ ማስፈራሪያ ብቻ አልሰማም፣ የራሱን ለቅሶ ሰማ። የቤቴል ካህን አሜስያስ ለንጉሡ «ምድሪቱ ቃሉን ሁሉ ልትሸከም አትችልም» ብሎ መላኩ አይገርመኝም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 የሰሜኑ መንግሥት ዋና ከተማ ሰማርያ በአሦር እጅ ወደቀች።

ግጥሙን ለጌጥ የተጨመረ አድርገው የሚያዩ ሰዎች አሉ። እኔ በፍጹም አልስማማም። በነቢያቱ ዘንድ ዜማና ትንቢት አብረው ነው የሚኖሩት። ኤልሳዕ ሦስት ነገሥታት ፊቱ ቆመው ሳለ መጀመሪያ የጠየቀው በገና ደርዳሪ ነው፤ በገናው ሲመታ የእግዚአብሔር እጅ መጣችበት። መጽሐፈ ዜና መዋዕልም የአሳፍ፣ የኤማንና የኤዶታም ልጆች በበገና፣ በመሰንቆና በጸናጽል «ትንቢት ይናገሩ» ነበር ይላል። እ.ኤ.አ. በ1956 በሙት ባሕር አጠገብ ባለው በቁምራን 11ኛ ዋሻ የተገኘው የመዝሙር ጥቅልል ደግሞ የዳዊትን መዝሙሮችና ዝማሬዎች 4,050 አድርሶ ይቆጥርና ሁሉንም ከልዑል በተሰጠው ትንቢት እንደተናገራቸው ይመሰክራል። ከዚህ በላይ ግልጽ ቃል ከየት ይመጣል?

ሆኖም ውበቱ አደጋም ነበረው፣ እሱን ደግሞ ከሕዝቅኤል በላይ ያየው የለም። በባቢሎን ያሉት ምርኮኞች በየቤቱ ደጃፍ ስለ እሱ ያወራሉ፣ «ኑ እንስማው» ተባብለው መጥተው ፊቱ ይቀመጣሉ። እግዚአብሔር ግን እውነቱን ነገረው፤ አንተ ለእነሱ ድምፁ ያማረ፣ በገና አደራረጉ የሰመረ የፍቅር ዘፋኝ ነህ፣ ቃልህን ይሰማሉ እንጂ አያደርጉትም። ምዕራፍ 33 መጨረሻ ላይ ነው። እዛው ምዕራፍ ውስጥ፣ ጥቂት ቁጥሮች ከፍ ብሎ፣ ከኢየሩሳሌም ያመለጠ ሰው መጥቶ «ከተማይቱ ተመታች» ብሎታል።