የአሮጌ ፒካፕ ፍሪሲዮን ሲቀየር

በጎጃም መንገድ የሚሠራ መኪና ፍሪሲዮኑን (ሞተሩን ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የሚያገናኘውንና የሚያላቅቀውን ክፍል) የሚጨርሰው በተጓዘው ኪሎ ሜትር ብዛት ሳይሆን ዳገት ላይ እየቆመ በተነሣው ልክ ነው። የፍሪሲዮን ሸራ፣ ማለትም በዲስኩ ፊት ላይ ያለው የሚፋተግ ልባስ፣ የሚበላው ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) እና ዲስኩ በተለያየ ፍጥነት እየዞሩ ሲፋተጉ ብቻ ነው፤ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ተለቅቆ ሁለቱ አብረው በሚዞሩበት ጊዜ መኪናው ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ሲመላለስ ቢውል ሸራውን የሚነካው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለው ዳገት ግን ከፍታው ከ1,300 ሜትር በላይ ነው፤ ከፊት ጭነት የያዘ ተሳቢ ካለ ደግሞ ሽቅቡ ላይ መቆምና መነሣት የግድ ነው። በዚህ ላይ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ (አየር እየገፋ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ቢያንስ አምስተኛውን ያህል ኃይሉን ያጣል። ሹፌሩም የጎደለውን ኃይል ለማካካስ ነዳጅ እየሰጠ ፔዳሉን በግማሽ ይይዛል፤ ሸራው የሚቃጠለው ያን ጊዜ ነው።

የእኔ መኪና ቱርቦ የሌለው 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያለው አሮጌ ቶዮታ ሀይሉክስ ነው። ከሲናን ገጠር ድንች፣ ከቢቸና በኩል ጤፍ ያመላልሳል። መጀመሪያ ያስተዋልኩት ምልክት ከጭነት ጋር ሽቅብ በሦስተኛ ማርሽ ስሄድ የሞተሩ ድምፅ ከፍ እያለ የመኪናው ፍጥነት ግን አለመጨመሩ ነበር፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ሸራ ሽታ መጣ። ይህን ለማረጋገጥ ቀላል መንገድ አለ፦ ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬን አጥብቆ ስቦ፣ አራተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ጥቂት ነዳጅ እየሰጡ ፔዳሉን ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው። ጤነኛ ፍሪሲዮን ከሆነ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል፤ ሞተሩ ሳይጠፋ መዞሩን ከቀጠለ ዲስኩ እየተንሸራተተ ነው። ሙከራው ራሱ ሸራውን ስለሚያግል መደጋገም አይገባም።

ማርሽ ለማስገባት የሚያስቸግር፣ በተለይም የኋላ ማርሽ ሲገባ ጥርስ የሚያፋጭ መኪና ብዙ ጊዜ የተለየ በሽታ አለበት፤ ዲስኩ አልቆ ሳይሆን በሚገባ አልላቀቅ ብሎ ነው። እንዲህ ሲሆን ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ከማውረድ በፊት የፔዳሉን ግፊት በዘይት የሚያስተላልፉትን የላይኛውንና የታችኛውን የፍሪሲዮን ፖምፓ መመርመር፣ ፍሬን ዘይቱ መጉደሉንና መስመሩ አየር መያዙን ማየት ያስፈልጋል። ጥቂት ብር የሚያወጣ ጎሚኒ (የፖምፓ ጎማ) መለወጥ ሲበቃቸው የሙሉ ፍሪሲዮን ዋጋ የከፈሉ ሰዎች አውቃለሁና ይህን ነገር አጥብቄ እናገራለሁ።

አራቱም ጎማ የሚጎትተው ሀይሉክስ ካምቢዮው ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች ከሚያከፋፍለው ሳጥን ጋር ተያይዞ የሚወርድ በመሆኑ ከባድ ነው። ሁለቱ ትራንስሚሲዮኖች (ኃይሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚወስዱት ረጃጅም ዘንጎች)፣ ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው)፣ የታችኛው ፖምፓና የማርሽ ዘንጉ ከተፈቱ በኋላ ካምቢዮው በክሪክ ተደግፎ በቀጥታ ወደ ኋላ መሳብ አለበት፤ ክብደቱ ከካምቢዮው ወጥቶ ዲስኩ ውስጥ በሚገባው ዘንግ ላይ ከተንጠለጠለ የዲስኩን መሃል ያጣምማል። የሠሩልኝ በዚህ ሙያ ያረጁ መካኒክ ናቸው፤ ረዳታቸው እንደ ልማዱ ኮምፕሬሰር አንሥቶ አቧራውን ሊነፋ ሲል እጁን ያዙትና እርጥብ ጨርቅ ሰጡት። ትክክል ናቸው። የድሮ ሸራዎች ብዙዎቹ አስቤስቶስ የነበረባቸው ናቸውና ያ አቧራ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም።

ዲስኩ ሲወጣ ሸራው እስከያዙት ሪቬቶች (ምስማሮች) ጫፍ ድረስ አልቋል፤ የቶዮታ መመሪያ ከሸራው ገጽ እስከ ሪቬቱ ራስ ቢያንስ 0.3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት እንዲቀር ይጠይቃል። ከማለቁ ይልቅ ትኩረቴን የሳበው ግን በአንድ ወገን በዘይት ርሶ መጥቆሩ ነው።

«ጋሼ፣ ከየት የመጣ ዘይት ነው?» አልኳቸው። ከካምቢዮው ሽፋን ሥር በጣታቸው ጠርገው አሸተቱኝ። የካምቢዮ ዘይት እንደ ድኝ ያለ ስለታም ሽታ አለው፤ ይህ ግን ያ ሽታ የለውም፣ እንደ ናፍጣ ሞተር ዘይትም ጥቁር ነው። የሚፈስሰው ከሞተሩ የኋላ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያልፍ ከሚያግደው የጎማ ቀለበት) መሆኑ በዚህ ታወቀ።

«ልጄ፣ ዲስኩን ብቻ ቀይሬ ብሸኝህ ለገናም አይደርስልህ፤ መጀመሪያ ይህን ዘይት እናቁመው» አሉኝ።

መኪናውን ከመግዛቴ ብዙም ሳይርቅ ሌላ ከተማ ባለ ጋራዥ ፍሪሲዮኑ ተቀይሯል ተብዬ ነበር። ተቀይሮስ ነበር፤ የሚያንጠባጥበውን ኦይል ሲል ግን እንዳለ ትተውት አዲሱን ዲስክ በላዩ ላይ አሠሩት። ይህ ያሳዝነኛል፣ ያስቆጣኛልም። የፍሪሲዮን ሥራ ትልቁ ልፋት ካምቢዮ ማውረድና መስቀል ነው፤ አንዴ ከወረደ በኋላ ቮላኖውን ፈትቶ ኦይል ሲል መለወጥ የሚጨምረው ሥራ ትንሽ ነው። አሮጌው ኦይል ሲል የሞተሩን ዘንግ ቦርቡሮት ከተገኘም አዲሱ ሲገጠም ጥቂት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ተዛውሮ ከንፈሩ ባልተበላው ቦታ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል።

ቮላኖው ፊት ላይ ከሙቀት ብዛት ሰማያዊ ነጠብጣቦችና ፀጉር የሚያህሉ ስንጥቆች ነበሩ። ቶርኖ ቤት ወስደን በስሱ አስላጥነው፤ ስንጥቁ ከዚያም በኋላ ቢቀር ኖሮ መለወጥ ነበረበት። በመሃሉ ያለችውን ትንሽ ኩሽኔታና ፔዳል ሲረገጥ የምትገፋውን ትልቋን ኩሽኔታ አብረን ቀየርን።

ስለ ዕቃ ግዢ ሐሳቤን ልናገር። ዲስክ፣ ፕሬዠር ፕሌት (ዲስኩን ቮላኖው ላይ የሚጫነው ብረት) እና ኩሽኔታ ከአንድ ፋብሪካ አብረው ቢገዙ ይሻላል። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ዲስኩን ከመግዛት በፊት አሮጌውን ይዞ ጥርሱንና ስፋቱን ማስተያየት፣ የዲስኩ ሞላዎች በእጅ ሲነኩ የማይንቀጠቀጡ መሆናቸውን ማየት ያስፈልጋል። በአሮጌ ዲስክ ላይ አዲስ ሸራ አስመትቶ መጠቀም ከተማ ውስጥ ለሚውል መኪና ያገለግል ይሆናል፤ ጭነት ይዞ የዓባይን በረሃ ለሚያቋርጥ መኪና ግን አልመክርም፤ ሸራው ከዲስኩ መለያየት የሚጀምረው በትልቅ ሙቀት ጊዜ ነውና።

ሲገጠም ሁለት ነገሮች እንክብካቤ ይሻሉ። የመጀመሪያው ዲስኩን ማእከል ማድረግ ነው፤ መካኒኩ ከሌላ ካምቢዮ የወጣ አሮጌ ዘንግ አስገብተው ዲስኩን አስተካከሉ፤ ከዚያም የፕሬዠር ፕሌቱን ቡሎኖች በተቃራኒ በተቃራኒ ጥቂት ጥቂት እያሉ አጠበቁ፤ በአንድ በኩል ጨርሶ ቢጠብቅ ፕሌቱ ይጣመማል። ሁለተኛው ቅባት ነው። በዘንጉ ጥርሶች ላይ በጣት ጫፍ የሚቀባ ስስ ግሪስ ይበቃል፤ ሲበዛ ዲስኩ ሲዞር ይረጭና ሸራው ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ መካኒኩ ከቀቡት በኋላ መልሰው በንጹሕ ጨርቅ ሲጠርጉት አየሁ። ቮላኖውና ፕሌቱም ከፋብሪካ የመጣ ቅባት ወይም የእጅ አሻራ እንዳይኖርባቸው በቤንዚን ታጥበው ነበር።

ካምቢዮው ከተሰቀለ በኋላ የመስመሩ አየር ወጣ፤ አዲስ የፍሬን ዘይት ተሞላ፤ የፔዳሉ ባዶ ጉዞም ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ባለው ልክ እንዲሆን ተስተካከለ። ባዶ ጉዞ ከሌለ ኩሽኔታዋ ሁልጊዜ እንደተገፋች ስለምትቀር አዲሱም ዲስክ ይንሸራተታል። የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትር ያህል ሸራው ከቮላኖው ጋር እስኪለማመድ ድረስ ከባድ ጭነት አልጫንኩበትም፤ ከዚያም መኪናውን ወደ ጋራዡ መልሼ የፔዳሉን ጉዞ እንደገና አስለካሁ፤ ከሥር ገብተንም በካምቢዮው ሽፋን ታች ባለችው ቀዳዳ ዘይት እንደማይንጠባጠብ ከመካኒኩ ጋር አየን።