የፊት ታርጋ ሲታሰር ፓራውልት አይበሳም

ታርጋ ተቀብሎ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ጋራዥ ውሰደውና በሪቬት አስመታው» የሚል ነው። እኔም የሰማሁት ይኸንኑ ነው፤ ዛሬ ግን ለማንም አልመክረውም። የኋላው ታርጋ ብዙ ጊዜ ብረት ላይ ስለሚያርፍ በምንም ቢታሰር ብዙም አያሳስብም። የፊቱ የሚያርፈው ግን ፓራውልቱ (ባምፐሩ) ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ፕላስቲክ ነው፤ ከፕላስቲኩ ጀርባ የኤሲውን ጋዝ የሚያቀዘቅዘው ኮንደንሰርና የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር ተደርድረዋል። ይህን ለባለ መኪናው ለመንገር ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ታርጋ የሚያስረክቡት ሰዎች ግን ፈርም ይሉና ቀጣዩን ይጠራሉ፤ ይሄ እስካሁን ያናድደኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከልክ ነው። ጎንደር ውስጥ ከምናያቸው የቤት መኪኖች ብዙዎቹ ቪትስ፣ ያሪስና ኮሮላ ናቸው። ከጃፓን ገበያ የመጣ መኪና ፊቱ ላይ ያለው ቦታ የተዘጋጀው ለጃፓን ታርጋ ነው፤ ይኸውም 330 በ165 ሚሊ ሜትር። ሁለቱ የብሎን ቀዳዳዎች በ210 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ ብሎኑ ባለ 6 ሚሊ ሲሆን በ10 ቁጥር ቁልፍ ይፈታል። የእኛ ረጅሙ ታርጋ ከዚያ በወርዱ ይሰፋል፣ በቁመቱ ያጥራል። ስለዚህ የታርጋው ቀዳዳና የመኪናው ቀዳዳ አይገናኙም።

ጋራዡ ለዚህ ሁለት መላ አለው፤ ሁለቱም መጥፎ ናቸው። አንዱ ታርጋውን ራሱን በ210 ሚሊ ልክ መብሳት ነው። ቀዳዳው ፊደሉ ወይም ቁጥሩ ላይ ያርፋል፤ በብሎን ጭንቅላት የተሸፈነ 3 ከሩቅ 8 ይመስላል፣ የዓመቱ ምርመራ ደርሶ ቦሎ ስትጠይቁም ጭቅጭቁ ይጠብቃችኋል። ሁለተኛው ታርጋውን ፓራውልቱ ላይ ደግፎ በታርጋው ቀዳዳ በኩል ፕላስቲኩን መብሳት ነው።

የእኔ ቪትስ ላይ የተደረገው ይህ ነው። የፓራውልት ፕላስቲክ ውፍረቱ 3 ሚሊ ገደማ ቢሆን ነው። ብረት መብሳት የለመደ ሰው በደረቱ ተጭኖ ድሪሉን ሲገፋ ፕላስቲኩ ምንም አይቋቋመውም፤ ፑንታው (የድሪሉ መብሻ ብረት) በአንድ ጊዜ ሙሉ ርዝመቱ ይገባል። ቀዳዳው ከታች የአየር ማስገቢያው አጠገብ ከሆነ ፑንታው የሚያገኘው የኤሲውን ኮንደንሰር ነው። የኮንደንሰር ቱቦ ስስ አልሙኒየም ስለሆነ በንክኪ ይበሳል። ፉጨት ይሰማል፣ ዘይት የተቀላቀለበት ጭጋግ ይወጣል፣ ጋዙ ያልቃል። «አርጎን እናስበይደው» ይሏችኋል፤ እኔ በዚያ ስስ ቱቦ ላይ ብየዳ አላምንም፣ ቢያዝ እንኳ ንዝረት ይከፍተዋል። መፍትሔው ኮንደንሰሩን ቀይሮ፣ በቫኩም ፓምፕ አየሩን አስወጥቶ፣ እንደገና ጋዝ መሙላት ነው። ከሁሉ የከነከነኝ የሰውየው መልስ ነው፤ «ለጎንደር አየር ኤሲ ምን ያደርግልሃል?» ወደ መተማ የሚወርድ ሰው ኤሲ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ደግሞስ ኮንደንሰሩን አልፎ ቢሆን ከኋላው ያለው ራዲያተር ነው፤ እሱ ሲበሳ መኪናው ጨርሶ ይቆማል።

ፑንታው ምንም ሳይነካ ቢወጣ እንኳ ሪቬቱ ራሱ ችግር ነው። ተራ ሪቬት የተሠራው ላሜራን ከላሜራ ለማያያዝ ነው፤ ሲሳብ ከጀርባ ያብጥና ፕላስቲኩን ይወጥረዋል። የቀዳዳውን ዳር ጠጋ ብላችሁ እዩት። መጀመሪያ ቀለበት ሠርቶ ይነጣል፤ ከንጣቱ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይወጣል፤ ስንጥቁ ወደ ፓራውልቱ ጠርዝ ይጓዛል። ኮብልስቶን ላይ በየቀኑ የሚነዳ መኪና ደግሞ ይህን ያፋጥነዋል። ሪቬቱ ከነፕላስቲኩ ተነቅሎ ታርጋው በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሎ የሚሄድ መኪና በከተማችን ብርቅ አይደለም። «ሪቬት ከሌባ ይጠብቃል» የሚለውም አያሳምነኝም፤ ሪቬት በድሪል ጭንቅላቱ ሲበላ ወዲያው ይለቃል።

የሚያዋጣው በመኪናው ነባር ሁለት ቀዳዳዎች የሚታሰር ድጋፍ ብረት ማሠራት ነው። በርና መስኮት የሚበይድ ማንኛውም ብረታ ብረት ቤት ከቁርጥራጭ ይሠራዋል። 3 ሚሊ ውፍረትና 30 ሚሊ ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ብረት፣ ርዝመቱ ከታርጋው 2 ሴንቲ ያነሰ፣ በሴጌቶ (በብረት መጋዝ) ይቆረጣል። መሀሉ ላይ ምልክት ተደርጎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ 105 ሚሊ ይለካል፤ እነዚህ ወደ መኪናው የሚገቡት ናቸው። የዳር ቀዳዳዎቹ የሚለኩት ከራሱ ከታርጋው ነው፤ በግምት እንዳታስበሱ። መጀመሪያ በ3 ሚሊ ፑንታ፣ ከዚያ በ6.5። የመሀሎቹን ሁለት ቀዳዳዎች በሞረድ ወደ ጎን ሞላላ አድርጓቸው፤ ኋላ ግራ ቀኙን ለማስተካከል ይጠቅማል። ብረቱ ቀዳዳው ውስጥ ድረስ አንቲረስት ይቀባ፤ ሳይቀባ ከታሰረ በክረምት ዝገቱ ፓራውልቱ ላይ ይወርዳል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቅደም ተከተል ይመጣል። የዳር ብሎኖቹ ብረቱ መኪናው ላይ ሳይታሰር በፊት ከጀርባ ወደ ፊት መግባት አለባቸው፤ ከታሰረ በኋላ እጅ አይገባም። ባለ 6 ሚሊ፣ 20 ሚሊ ርዝመት ያለው ብሎን አስገብታችሁ ከፊት በተራ ዳዶ አጥብቁት። ይህ ዳዶ ሁለት ሥራ አለው፤ ብሎኑን ያቆማል፣ ታርጋውንም ከብረቱ 5 ሚሊ ያርቃል። ርቀቱ የግድ ነው፤ ምክንያቱም መሀል ላይ ያሉት የብሎን ጭንቅላቶች 4 ሚሊ ከፍታ አላቸው፣ ሮንዴላ (ከብሎኑ ጭንቅላት ሥር የሚገባው ስስ ቀለበት) ሲጨመር ከ5 ሚሊ ያልፋል፣ ታርጋው ላያቸው ላይ ካረፈ ይጎብጣል። የጎደለውን ለመሙላት ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ባለ 2 ሚሊ ጎማ ዳዶው ላይ ይደረጋል። ብረቱ መኪናው ላይ ከታሰረ በኋላ ታርጋው፣ ሮንዴላው፣ በመጨረሻ ናይለን ያለው ዳዶ። ተራ ዳዶ በኮብልስቶን ንዝረት ይላላል።

ወደ መኪናው የሚገቡት ብሎኖች ከቀድሞዎቹ 3 እስከ 5 ሚሊ ይርዘሙ። ብዙ ጊዜ የሚነክሱት የፕላስቲክ ዳዶ ስለሆነ በእጅ እስኪቆሙ፣ ከዚያ በቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ። ካለፈ ጥርሱ ይላጣል። ከማጥበቃችሁ በፊት ውሃ ልክ አስቀምጡበት፤ መኪናው ግን ሜዳ ላይ ይቁም፣ የጎንደር ዳገት ላይ ውሃ ልክ አያገለግልም። የታርጋው የታችኛው ጠርዝ ጀርባ ላይም ረጅም የጎማ ቁራጭ ለጥፉ፤ ታርጋው እንዳይንኳኳ፣ የላቫጆ ውሃ ሲመታውም እንዳይታጠፍ።

ፓራውልቱ ላይ ክብ ወይም አራት ማዕዘን ትንሽ ክዳን አለ። ጀርባው የመጎተቻ መንጠቆ የሚገባበት ስለሆነ ታርጋው እንዳይሸፍነው። የታችኛውን የአየር ማስገቢያም ሙሉ በሙሉ አትዝጉት፤ ሊማሊሞን ለሚወጣ መኪና ራዲያተሩ ያ አየር ያስፈልገዋል።

ነባር ቀዳዳ ከሌለና መብሳት የግድ ከሆነ ፍርግርጉን ወይም ፓራውልቱን አስፈትታችሁ ለብቻው አስበሱ። መካኒኩ «ጊዜ ይወስዳል» ካለ ሌላ ጋራዥ ሂዱ። ሳይፈታ የሚበሳ ከሆነ ደግሞ ፑንታው ላይ ከጫፉ 8 ሚሊ ያህል ትታችሁ ወፍራም ቴፕ ጠምጥሙ፤ ቴፑ ፕላስቲኩን ሲነካ ይቆማል። የሚይዘውም ሪቬት ሳይሆን ከጀርባ ሰፊ ሮንዴላ ያለው ብሎን ይሁን።

በቅርቡ እየበዙ ላሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቹ ፊታቸው ላይ ራዳርና የፓርኪንግ ሴንሰር አላቸው። ብረቱ የሴንሰሩን ፊት ከነካ ምንም በሌለበት ይጮሃል፤ ራዳሩን ከሸፈነ ከፊት ያለውን መኪና የሚከታተለው ሥርዓት ይጠፋል። ከማስበሳታችሁ በፊት የት እንዳሉ ከመኪናው መመሪያ አረጋግጡ።

ከታሰረ በኋላ አንድ ረጅም መንገድ ሄዳችሁ ስትመለሱ አራቱንም ብሎኖች በ10 ቁጥር ቁልፍ ነካ ነካ አድርጓቸው። በክረምት መንገድ ላይ የቆመ ውሃ ውስጥ በፍጥነት አትግቡ፤ ውሃው ታርጋውን ከታች ይገፈትረዋል፣ የላላ ከሆነም ይወስደዋል። የጠፋ ታርጋ ለማስተካት ከፖሊስ ማስረጃ ጀምሮ ያለው ምልልስ ከዚህ ሁሉ ሥራ ይበልጣል።