ሱቁ ሌላ ሰው ነው

የአክስቴ ልጅ ፍሬሽማን ጨርሳ ዲፓርትመንት ልትሞላ ነው። «እታለም፣ አካውንቲንግ ሒሳብ ይበዛዋል እንዴ?» ትለኛለች። አይበዛውም። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈል፤ ከዚያ ካለፈ ካልኩሌተር አለ። ጓደኞቿ ደግሞ ተመርቆ ሥራ ያጣ አካውንታንት በአካፋ ይዛቃል ብለው አስፈራርተዋታል። በዚህኛው አልከራከርም። በስልክ ቆራርጬ የነገርኳትን እዚህ ሰብሰብ ላድርገው፤ ሌሎችም የሚጠይቁኝ አሉ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በ2003 ዓ.ም. ነው። ምደባው ሰባ በመቶ ለተፈጥሮ ሳይንስ፣ ሠላሳ በመቶ ለማኅበራዊ ሳይንስ የነበረበት ጊዜ ነው። ሶሻል የተማርን ልጆች ፎርም ስንሞላ ብዙዎቻችን አንደኛ ሕግ፣ ሁለተኛ አካውንቲንግ፣ ሦስተኛ ኢኮኖሚክስ እንል ነበር። ለምን እንደሆነ ተጠይቀን ቢሆን ኖሮ «ሥራ አለው» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረንም። ሕግ አልደረሰኝም፤ ባሕር ዳር፣ ፔዳ ካምፓስ፣ አካውንቲንግ ኤንድ ፋይናንስ ደረሰኝ። ለደሴ ልጅ የባሕር ዳር ሙቀት ራሱን የቻለ ኮርስ ነው። አባቴ ሰኞ ገበያ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አለው። ሲሸኘኝ «አብሽሪ፣ ተመርቀሽ ሱቃችንን ትቆጣጠሪልኛለሽ» አለኝ።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ኮርስ ፕሪንሲፕልስ ዋን ይባላል፤ የአካውንቲንግ መግቢያ ማለት ነው። መምህራችን ዴቢትና ክሬዲት ከመድረሱ በፊት አንድ ነገር ተናገረ፤ ድርጅቱና የድርጅቱ ባለቤት ሁለት ሰዎች ናቸው። ሃንዳውቱ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ነው፣ ሁላችንም አስምረንበት አለፍን። ለሚድ ትሩ ፎልስ ሆኖ መጣ፤ «ትሩ» ብለን አንድ ማርክ ወሰድን፤ አለቀ። አሁን ዞር ብዬ ሳየው የሦስቱ ዓመት ትምህርት ግማሹ እዚያች ሁለት መስመር ውስጥ ነበረ። አንድ ግብይት ከፊቴ ሲቀርብ ዛሬም መጀመሪያ የምጠይቀው «ይኼ የማን መዝገብ ነው?» ብዬ ነው።

የአክስቴ ልጅ ገና ሳትገባበት ግራ የገባት እዚሁ ላይ ነው። ካሽ ሲገባ ዴቢት ነው መባሉን ሰምታለች። ብር ሲላክላት ግን ከንግድ ባንክ የሚመጣው መልእክት ሒሳብሽ ክሬዲት ተደርጓል ይላታል። ታዲያ ማን ነው የተሳሳተው? ማንም። መልእክቱን የጻፈው ባንኩ ነው፣ የሚናገረውም ስለራሱ መዝገብ ነው። አንቺ ያስቀመጥሽው 500 ብር ለባንኩ ዕዳ ነው፤ በፈለግሽው ሰዓት ሊከፍልሽ ግዴታ አለበት፣ ዕዳ ሲጨምር ደግሞ ክሬዲት ነው። በአንቺ ደብተር ያው 500 ብር ሀብት ነው፤ ሀብት ሲጨምር ዴቢት። ዴቢት ማለት ገባ፣ ክሬዲት ማለት ወጣ ብሎ የሸመደደ ተማሪ የመጀመሪያውን ፈተና ያልፋል፤ ባንክ ሪኮንሲሌሽን (የባንኩን መዝገብ ከራስ መዝገብ ጋር ማስታረቅ) ላይ ሲደርስ ግን ይደናበራል። በእኛ ባች ጥሩ ጥሩ ቸካዮች ነበሩ፣ ግሬዳቸው ከብዙዎቻችን የበለጠ፤ አድቫንስድ አካውንቲንግ ላይ ዋናው ድርጅትና ቅርንጫፉ፣ እናት ኩባንያና ልጅ ኩባንያ ሲመጡ እንደገና ከፕሪንሲፕልስ መጀመር ነበረባቸው።

ከዶርም የማልረሳው አንድ ማታ አለ። የቡድን ሥራ ተሰጥቶናል፤ የአንድ ነጋዴ የወር ግብይት ከጆርናል እስከ ሒሳብ መግለጫ ድረስ። ትራያል ባላንሱ፣ የዴቢቱና የክሬዲቱ ድምር የሚመሳከርበት ሰንጠረዥ፣ አልገጥም አለ። ዴቢቱ ከክሬዲቱ በ450 ብር ይበልጣል። ሁለት ልጆች ከላይ እንደገና መደመር ጀመሩ፣ አንዷ ማልቀስ ቃጣት። የሻሸመኔዋ ልጅ ግን አልጋዋ ላይ እንደተጋደመች «ለዘጠኝ አካፍሉት» አለች። ሃምሳ መጣ፣ ትርፍ የለውም። «ቁጥር አገላብጣችኋል። አሥር ቤትና መቶ ቤት ላይ ፈልጉ፣ በአምስት የሚለያዩ ሁለት አኃዞች» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች። ፈለግን። 4,270 መጻፍ የነበረበት 4,720 ሆኖ ተጽፏል። ሁለትና ሰባት። ሁለት አኃዝ ቦታ ሲለዋወጥ የሚፈጠረው ልዩነት ሁልጊዜ ለዘጠኝ ይካፈላል፤ ልዩነቱን ለሁለት ከፍለሽ ያገኘሽው ቁጥር መዝገቡ ላይ ካለ ደግሞ በተሳሳተ ጎን የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ይህንን ከመምህር አይደለም የተማርኩት። ዛሬ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ሁለቱ ጎን ካልተካከለ አልመዘግብም ስለሚል ብዙ ልጆች ይህችን ዘዴ አያውቋትም፤ የባንክ ስቴትመንትና የድርጅቱ መዝገብ አልገጥም ሲሉ ግን እስካሁን ቢሮ ውስጥ ታድነኛለች።

መጻሕፍቱ የአሜሪካ ነበሩ። ብሩ ዶላር፣ ዓመቱ የሚዘጋው ዲሴምበር 31። እኛ አገር የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ባንኮች ደግሞ በፈረንጅ ጁን 30 ስለሚዘጉ የእነሱ ዓመት ሰኔ 23 ላይ ያልቃል። ይህቺ የሳምንት ልዩነት ሥራ ላይ የምታመጣውን ጣጣ ክፍል ውስጥ ያነሣልን አልነበረም። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ ጳጉሜ 3 የተገዛ ኮምፒዩተር የእርጅና ቅናሹ የስንት ወር ተብሎ ይሰላል ብሎ ጠየቀ። መምህሩ ትንሽ አሰበና «ፈተና ላይ አይመጣም» አለ። በጣም ሣቅን።

ኮስት ወድጄው ነበር፤ ገቨርንመንት አካውንቲንግ እንዴት እንዳለፈ አላስታውስም። ኦዲቲንግ ሲነበብ ያስተኛል፣ ሲሠራ ግን ከሁሉም ይጥማል። ታክስ ላይ ግን አንድ ነገር ልበል። እኔ ተማሪ ሳለሁ ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ እስከ 150 ብር ነበር፤ ሰንጠረዡን በቃሌ ይዤው ነበር። በ2008 ዓ.ም. አዋጁ ተቀይሮ 600 ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 2,000 ሆነ። አይ.ኤፍ.አር.ኤስም (ዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ) እንዲሁ ነው፤ እሱን ያመጣብን አዋጅ ቁጥር 847 የወጣው በ2006 ዓ.ም.፣ እኔ በተመረቅኩ ማግስት ነው፤ የተማርኩትን ግማሹን በሥልጠና እንደገና ተማርኩት። ስለዚህ ሰንጠረዥ የምትሸመድዱ ልጆች፣ ጉልበታችሁን ለሌላ ነገር ቆጥቡት።

ተመርቄ አዲስ አበባ መጣሁ። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቼ ማስታወቂያ ሳነብ፣ ሁሉም ሁለት ዓመት ልምድና ፒችትሪ ይላል። ፒችትሪ ዩኒቨርሲቲ ተምረናል፣ ግን ኮምፒዩተሩ ለብዙ ሰው አንድ ስለነበር የተማርነው በማየት ነው ማለት ይቻላል፤ ሜክሲኮ አካባቢ ከፍዬ እንደገና ሠለጠንኩ። ከዚያ አንድ የግንባታ ዕቃ አስመጪ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ውስጥ ጁኒየር ሆኜ ገባሁ። ሥራዬ ቫውቸር ማያያዝ፣ የዜድ ሪፖርቱን (የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ የሚያወጣውን የቀን ድምር) ከዕለት ሽያጭ ጋር ማመሳከር፣ ፔቲ ካሽ መያዝ፣ በየወሩ ቫትና ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያ ላይ ተቀንሶ የሚያዝ ግብር) ማሳወቅ ነበር።

ባለቤቱ ደግ ሰው ነበሩ፤ በዓል ሲመጣ ዶሮ መግዣ ይሰጡናል። የልጆቻቸውን የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጡና «መዝግቢው» ይሉኛል። የመኖሪያ ቤታቸው ሶፋም መጣ፣ የቢሮ ዕቃ ተብሎ። ሲኒየሯ «ከባለድርሻ የሚሰበሰብ» ላይ፣ ማለትም ባለቤቱ ለድርጅቱ ያለባቸው ዕዳ ላይ፣ አድርጊው አለችኝ፤ አደረግኩት። ዓመቱ ሲዘጋ የተጠራቀመው ብዛት አስደነገጣቸው። «ልጄ፣ ድርጅቱ የኔ አይደለም እንዴ? ከራሴ ነው የተበደርኩት?» አሉኝ። አዎ፣ ጋሼ። በገቢ ግብር አዋጁ የባለቤቱ የግል ወጪ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ አይቀነስም። የ2013ቱ የንግድ ሕግ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ያለ ማኅበር እንዲያቋቁም ሲፈቅድ እንኳ፣ ሰውዬውና ማኅበሩ በሕግ ዓይን ሁለት ሰዎች ናቸው። ትሩ ፎልስ የመለስኳት ጥያቄ ሶፋ ሆና መጣች።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት የሚባለው መጣ። ያኔ ነጋዴው ምን ያህል እንደተንጫጫ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ሱቅ የዘጋም ነበር። አባቴ በጊዜው ደረጃ ሐ ግብር ከፋይ ነበር፤ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች ነበር፣ ስለዚህ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረበትም። ገማቾቹ መጡ፣ መደርደሪያውን አዩ፣ ጠየቁ፣ ጻፉ፣ ሄዱ። የተገመተው ሲነገረው ደወለልኝ። «አካውንታንት አይደለሽም እንዴ? ነይና ተከራከሪልኝ።»

በምን ልከራከር? ወረቀት የለ። የዱቤ ደብተር አለ፣ እሱም የከፈለው ሰው ስም ላይ መሥመር ተሰርዞበት እንጂ መቼ ስንት እንደከፈለ አይልም። ዲግሪዬን ይዤ ደሴ ድረስ ሄጄ ከጎኑ ቆምኩ፣ ቅሬታ አስገባን፣ ትንሽ ተቀነሰለት። የቀረውን ከፈለ። ከዚያ በኋላ ግን መዝገብ ገዛሁለት። ቀን፣ የገባ፣ የወጣ፣ ምክንያት። አንድ ተጨማሪ ዓምድ አሰመርኩና «ለቤት» ብዬ ጻፍኩበት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ማታ ከሱቅ ወደ ቤት ይዘኸው የምትመጣው ስኳርና ዘይት።»

«የራሴን ስኳር ልመዝግብ? ሌባ ነኝ እንዴ?»

«የሱቁ ስኳር ነው፣ አባ። ሱቁ ሌላ ሰው ነው።»

እናቴ ከጓዳ ሆና ሳቀች። አባቴ አልሳቀም፤ ሦስት ዓመት አስተምሬ ይኼን ብቻ ነው ያመጣሽልኝ የሚል ፊት ነበረው። ግን መዘገበ። ነጋዴ ቁጥር አይንቅም። በዓመቱ ሰኔ መጨረሻ ላይ ዓምዱን በስልክ እያነበበልኝ ደመርንለት። ስኳሩ፣ ዘይቱ፣ ሳሙናው፣ የጎረቤት ለቅሶ ሲሆን የሄደው ቡናና ስኳር፣ ታናሽ ወንድሜ ሳይናገር የሚያነሣው ብስኩት (እሱንም ጠብቆ ጽፎታል!)። ድምሩን ስነግረው መጀመሪያ ዝም አለ፣ ከዚያ «ያረቢ! ከዱበኞቹ ሁሉ የባስነው እኛ ነና!» አለ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ለአስቤዛ ገንዘብ ተቆርጦ ይሰጣታል፣ ከሱቁም በዋጋ ትገዛለች። ቅናሽ ግን ታስደርገዋለች።

ለአክስቴ ልጅ ያልኳት ይኼን ነው። ከመረጥሽው የመጀመሪያውን ሴሚስተር በችከላ አትለፊው፤ ኋላ የሚከብድሽ ሁሉ የእሱ ልጅ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ከ50 በመቶ በታች ያመጣ አይመረቅም፣ ፈተናው ደግሞ የአንደኛ ዓመቱን ኮርስ ከአራተኛው ጋር ቀላቅሎ ይጠይቃል። ኤክሴል ቶሎ ልመጂ። አፓረንትሺፕ (የሥራ ልምምድ) ስትወጪ ሻይ ሲያስመጡሽና ፎቶ ኮፒ ሲያስነሡሽ እንዳይከፋሽ፤ ግን ኮፒ የምታደርጊውን ደረሰኝ አንብቢው፣ የማን ስም ነው፣ ቲን ቁጥሩ አለ ወይ፣ ቀኑስ።

ሥራ ገበያውን በተመለከተ ዲግሪ ብቻውን አይበቃም የሚሉት እውነት ነው። አቅም ያለው ወደ ኤ.ሲ.ሲ.ኤ.፣ ወደ እንግሊዞቹ የአካውንታንት የሙያ ማረጋገጫ፣ ይሄዳል። አሥራ ሦስት ወረቀት (ፈተና) ነው፤ ዲግሪሽ ታይቶ ከመጀመሪያዎቹ የተወሰኑት ሊቀነሱልሽ ይችላሉ። ክፍያው በፓውንድ ነው፤ ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ያው ፓውንድ በብር ሲሰላ ልብ ያቆማል፣ መሥሪያ ቤት የሚከፍልላቸው ልጆች ዕድለኞች ናቸው። የፈተናው ጊዜም ለእኛ አገር ሰው ታስቦ አልወጣም። ከአራቱ የፈተና ወራት አንዱ ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ነው፣ ማለትም ኅዳር መጨረሻ። የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ዓመታዊ ሪፖርት የመጨረሻ ቀን ጥቅምት 30 ነው። ስለዚህ ጥቅምትን ሙሉ እያመሸሽ መዝገብ ትዘጊያለሽ፣ ሪፖርቱን አስገብተሽ ስታበቂ ለማንበብ የሚተርፍሽ ሦስት ሳምንት ገደማ ነው። እኔ ለዘንድሮው ተመዝግቤ ከፍያለሁ፤ ኅዳር ላይ አዲስ ጽሑፍ ብታጡ ምክንያቱ ይኸው ነው።