ጉድጓዱን የሚያውቁት ጎረቤቴ ነበሩ

ሐዋሳ ቦታ ገዝቼ መጀመሪያ የሠራሁት ሰርቪስ ቤቱን ነው። ሦስት ክፍል፣ በብሎኬት። ለዚህ ማን ኢንጂነር ይጠራል ብዬ፣ ግንበኛው "መሬቱ ጠንካራ ነው" ሲለኝ አምኜው 60 ሳንቲም አስቆፍሬ የድንጋይ መሠረት አስጣልኩ።

በሁለተኛው ክረምት ግድግዳው ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ የብሎኬቱን መጋጠሚያ እየተከተለ እንደ ደረጃ ይወርዳል። የልስን ነገር ነው ብለን ሞላነው፤ በወሩ ተከፈተ። ያኔ ቀጭን የመስታወት ቁራጭ ስንጥቁ ላይ በሲሚንቶ አጣበቅኩና ቀኑን በእርሳስ ጻፍኩበት። በ18ኛው ቀን፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ፣ ጠዋት ስወጣ መስታወቱ ለሁለት ተሰብሯል። ልስን አልነበረም፤ ቤቱ እየሰመጠ ነው።

ነገሩን የፈቱልኝ አጥር የምንጋራቸው እናት ናቸው። "ልጄ፣ እዚያ ጥግ ጋ እኮ የድሮው ሽንት ቤት ጉድጓድ ነበር። አፈር ደፋ ደፋ አርገውበት ነው የሄዱት" አሉኝ። በዚያ ላይ አሸንዳ ስላላሰራሁ የጣሪያው ውሃ የሚወርደው እዚያው ጥግ ላይ ነበር። ቦታ ስትገዙ ካርታውን ብቻ አትዩ፣ ጎረቤት ጠይቁ።

ሁሉም ቤት ትንሽ ይሰምጣል። እኩል ከወረደ ብዙም አይጎዳም። አንዱ ጥግ ብቻ ሲወርድ ነው ግድግዳ የሚሰነጠቀው፣ በር አልዘጋ የሚለው።

ለዋናው ቤት፣ ጂ ፕላስ ዋን ነው፣ ኢንጂነር ያዝኩ። ሂሳቡን ወረቀት ላይ አሳየኝ። አንድ ኮለን (ምሰሶ) 40 ቶን ቢያወርድ፣ ፉቲንጉ፣ ማለትም ከኮለኑ ሥር ያለው ሰፊ የኮንክሪት መቀመጫ፣ 1.5 በ1.5 ሜትር ከሆነ በካሬ ሜትር 18 ቶን ገደማ አፈሩ ላይ ያርፋል፤ 2 በ2 ከሆነ 10 ቶን። እንግዲያው እናስፋው አልኩት። ማስፋቱ ይጠቅማል አለኝ፣ ግን ፉቲንግ በሰፋ ቁጥር ጫናው ወደ ታች ይርቃል፣ በግምት የጎኑን ሁለት እጥፍ ያህል። ስለዚህ ለ2 ሜትር ፉቲንግ ከሥሩ እስከ 4 ሜትር ድረስ ምን እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ የላዩን አይቼ ነበር የረካሁት።

ሦስት ቦታ ቆፈርን፤ ከዚያ በታች ደግሞ በማሽን ናሙና ተወሰደ። አንደኛው ጉድጓድ 2 ሜትር ላይ ነጣ ያለ ድንጋይ አወጣ። ባልዲ ውሃ ውስጥ ጣልኩት፣ ተንሳፈፈ። ፑሚስ ነው፣ ከእሳተ ገሞራ የሚወጣ ቀላል ድንጋይ። ሐዋሳ ራሷ የጥንት እሳተ ገሞራ ተደርምሶ በፈጠረው ሰፊ ገንዳ ውስጥ ናት፤ ላላ ያለው አመዳም አፈር ደረቅ ሲሆን ቀጥ ብሎ ይቆምና ውሃ ሲገባው ሊሰምጥ ይችላል።

የላላውን አስወጥተን ሰሌክት፣ ማለትም ለመሙያ የተመረጠ አፈር፣ ሞላን። ፎርማኑ "ጋሼ፣ 50 ሳንቲም እንሙላና አንዴ እንደምድመው" ብሎኝ ነበር። እንዲህ ሲሆን ላዩ ብቻ ነው የሚጠነክረው። በየ20 ሳንቲሙ እርጥበት እየሰጠን ደመደምን፣ ፉቲንጎቹን እርስ በርስ በግሬድ ቢም (በኮንክሪት ማሰሪያ) አሰርን፣ ሴፕቲክ ታንኩን ከመሠረቱ አራቅን። አሸንዳውም በጊዜው ገባ።

የሰርቪሱን ጥግ ደግሞ ከሥሩ በየአንድ ሜትሩ እየቆፈርን፣ አንዱ ሳይጠነክር ሌላውን ሳንነካ፣ እስከ ጠንካራው አፈር ድረስ ኮንክሪት ሞላን። አዲስ መስታወት ለጥፌ ቀን ጽፌበታለሁ። ክረምቱ አልፎበታል፤ ባለፈው እሑድ አየሁት፣ እንዳለ ነው።