«እናቴንም አንቺ ነው የምላት»

ቲቢ ክፍል የሠራ ያውቀዋል። በሽተኛ ካኮረፈ አበቃ። መድኃኒቱ 6 ወር ነው። ሰው ሳሉ ሲተወው «ድኛለሁ» ብሎ ይቀራል፤ ሕክምናው የተቋረጠ በሽታ ደግሞ መድኃኒት ተላምዶ ሊመለስ ይችላል። ያን ሁሉ ጊዜ ሰውን ከገጠር የሚያመላልሰው አቀባበላችን ነው።

የሆነው ምሥራቅ ጎጃም፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። ገበያ ቀን ስለነበር ካርድ ክፍል በር ላይ መቆሚያ የለም። ተመላላሽ ክፍል አዲስ የመጣው ጤና መኮንን ገብቷል። ሥራ የሚችል ልጅ ነው። አንድ ሽማግሌ ከባለቤታቸው ጋር ገቡ። በቀያቸው አንቱ የተባሉ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ያልተቀመጡበት እርቅ አይጸናም።

«ፋዘር፣ ምንህን ነው ያመመህ?» አለ፣ ከካርዱ ቀና ሳይል።

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ጉንፋን ቢጤ ነው።»

«ከጀመረህ ቆየ?»

«ኧረ ቅርብ ነው።»

ካርድ ላደርስ ገብቼ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ዓይኔ ቀበቷቸው ላይ አረፈ። ከድሮዎቹ ቀዳዳዎች ወዲህ ሌሎች በወስፌ ተበስተዋል። እንዲህ የሚያከሳ ጉንፋን የለም።

«አባቴ፣ አንቱን ይሄ ሳል ከያዘዎት ሁለት ሳምንት አልፎታል?» አልኳቸው።

ወደ እኔ ዞሩ። «ከጥምቀት ወዲህ ነው ልጄ። አሁን አሁንማ ደምም አለው።» ከዚያ ልጁን አዩት። «ሚስቴ እንኳ አንቱ ነው የምትለኝ» አሉት። አልተቆጡም፤ እያስረዱት ነው።

ልጁ ደነገጠ። «ይቅርታ አባባ፣ ይቀመጡ» አለ። ከልቡ ነበር። አክታ እንዲመረመሩ ጻፈላቸው። ወዲያው ወደ ባለቤታቸው ዞረ።

«አንቺስ? ያስልሻል?»

«ደኅና ነኝ» አሉ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እንደያዙ። «ምልክት የለም» ብሎ ጻፈ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ከቲቢ በሽተኛ ጋር አንድ ቤት የሚያድር ሁሉ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል፤ ጠየቀም። ግን ያ ይቅርታ የተጠየቀው ለባልየው ብቻ ነበር። አማርኛ ደግሞ መሸሸጊያ የለውም፤ «ተቀመጪ» ብለህ አፍህን ስትከፍት ሴትየዋ የት እንዳስቀመጥካት ታውቃለች።

ወደ ክፍሌ ይዣቸው ሄድኩ። ወንበር ሰጥቼ፣ «እናቴ፣ ሌሊት ያልብዎታል?» አልኳቸው።

«ቀሚሴ እስኪጠመቅ» አሉ። ሳሉንም ነገሩኝ፣ እህል አልበላ ማለቱንም ነገሩኝ። የእሳቸውም አክታ ተላከ።

ምሳ ሰዓት ላይ ለልጁ ነገርኩት። ከተማ ያደገ ነው። «እናቴንም አንቺ ነው የምላት፤ ፍቅር ነው እንጂ ንቀት አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ብዙ የከተማ ልጅ እናቱን እንደዚያ ነው የሚጠራው።

«እሷ ወልዳሃለች። እኚህ ገና ዛሬ ነው ያዩህ» አልኩት። «ደግሞስ ባላቸውን ይቀመጡ ካልክ እሳቸውን ምን ከለከለህ?»

መልስ አልሰጠኝም።

አሁንም ገበያ ቀን በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ለሽማግሌው «ይግቡ»፣ ለእኩያቸው አሮጊት «ግቢ»። በሰማሁ ቁጥር የያዝኩትን ትቼ እወጣለሁ። በሽተኛ ፊት አልናገረውም። «እናቴ፣ ይግቡ» ብዬ እሱ እየሰማ አስገባቸዋለሁ።