ከሳሹ እኔ አልነበርኩም

ፒያሳ ውስጥ ከእህቴ ጋር ትንሽ ማተሚያ ቤት አለን። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አድርገን ስናቋቁመው ዋናው ጭንቀቴ የማኅተሙ ቅርጽ ነበር፤ የመመሥረቻ ጽሑፉን ሳላነበው ፈረምኩ ማለት ይቻላል። ድርጅቱ እኔው ነኝ፣ ስሙ ብቻ ረዘመ ብዬ አስብ ነበር።

አንድ ደንበኛ አጀንዳና የጠረጴዛ ካላንደር አሳትሞ ቀሪውን ክፍያ ነገ ዛሬ ሲለኝ ቆየና ስልክ ማንሳት ተወ። ለጠበቃ መክፈሉ ብክነት መስሎኝ ክሱን ራሴ ጻፍኩ። «ከሳሽ» በሚለው መስመር ላይ ሙሉ ስሜን ከነአያቴ አሰፈርኩ። የደንበኛው ጠበቃ ገና በመልሱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መቃወሚያ አነሣ፦ ውሉን የፈረመው ድርጅቱ፣ ደረሰኙን የቆረጠው ድርጅቱ፤ ይህ ሰው ምን አገባው? የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 33 በክሱ ነገር ላይ መብት ወይም ጥቅም የሌለው ሰው ከሳሽ እንዳይሆን ይከለክላል። መዝገቡ ተዘጋ። የዳኝነት ክፍያውም ከኪሴ የወጣ ነበር።

አንገቴን ደፍቼ አራት ኪሎ ቢሮ ያላቸው አንድ አዛውንት ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ።

«ልጄ፣ ወንድምህ ያበደረውን ገንዘብ አንተ በስምህ ትከሳለህ?» አሉኝ።

«አልከስም፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ ድርጅቱም ሌላ ሰው ነው።»

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ማኅበር በንግድ መዝገብ ሲገባ የሕግ ሰውነት ያገኛል፤ በሕግ ፊት ራሱን የቻለ ሰው ይሆናል ማለት ነው። የ1952ቱን የንግድ ሕግ ማኅበራትን በሚመለከተው ክፍል የተካው የ2013ቱ አዋጅ ቁጥር 1243 አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ እንኳ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል፤ ያኔም ሰውየውና ማኅበሩ ሁለት ናቸው። እንግሊዞች ይህን ጥያቄ በ1897 በእነርሱ አቆጣጠር ቆርጠውታል። ሰሎሞን የተባለ የቦት ጫማ ነጋዴ ኩባንያው ሲከስር በዕዳው አንተ ራስህ ተጠያቂ ነህ ቢባልም፣ የመጨረሻው ፍርድ ኩባንያው ሌላ ሰው ነው አለ።

ታዲያ ድርጅት እንደ ሰው መብት አለው? በንብረት በኩል አዎን፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 እንኳ ስለ ግል ንብረት ሲናገር የሕግ ሰውነት ያላቸውን ማኅበራት ይጠቅሳል። ይዋዋላል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ ከትርፉ 30 በመቶ ግብር ይከፍላል። ድምፅ ግን አይሰጥም፣ አያገባም፣ አይታሰርም። ወንጀል ከሠራ ይቀጣል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 34 ይህን ይመለከታል፤ ቅጣቱ ግን የገንዘብ ነው፣ አለዚያም መታገድ ወይም መዘጋት። ይህ ለእኔ አሁንም አይዋጥልኝም፤ እስር ቤት የማይገባ ሰው ድፍረቱ ይበዛል።

ከክሱ ይልቅ የከበደኝ ግን የባንክ ሒሳቡ ነበር። የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ ከድርጅቱ ሒሳብ አውጥቼ ከፍዬ ኖሮ፣ እህቴ የሒሳብ መግለጫውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ በእስክሪብቶ አከበበችው። «ድርጅቱ ልጅ የለውም» አለችኝ። እኔም ተናድጄ «ግማሹ የእኔ አይደለም?» አልኩ። የእኔ የሆነው አክሲዮኑ ነው እንጂ ገንዘቡ አይደለም። ገንዘቡን መለስኩ፤ በደሞዝ መዝገቡም ላይ ስሜን አስገባሁ።

ሁለተኛውን ክስ ጠበቃው ጻፉት። «ከሳሽ» በሚለው መስመር ላይ የማተሚያ ቤቱ ረጅም ስም ተቀመጠ። የእኔ ስም ከታች በቅንፍ ሰፈረ፤ ሥራ አስኪያጅ።