ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ የጨለመበት ኮምፒውተር

በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ጥገና ስሠራ ካጋጠሙኝ ብልሽቶች መካከል ለሙያ ባልደረቦቼ ይጠቅማል ብዬ የማምንበት፣ ራሱ ጥገናው ያስከተለው ብልሽት ነው። የሒሳብ ክፍሉ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር የደመወዝ ሥራ በሚበዛበት ሰሞን ከሙቀት የተነሣ በድንገት እየጠፋ ስላስቸገረ፣ አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ባለሙያ አቧራውን እንዲጠርግና የፕሮሰሰሩን (ስሌቱን የሚሠራውን ዋና ክፍል) ተርማል ፔስት፣ ማለትም ሙቀት አስተላላፊ ቅባቱን፣ እንዲቀይር ተመደበ። ሥራውን ጨርሶ ሲያበራው ፋኑ ዞረ፣ የፊት መብራቱም በራ፤ ስክሪኑ ግን እንደጨለመ ቀረ፤ ሲነሣ ይሰማ የነበረው አጭር የቢፕ ድምፅም ጠፋ።

ብዙ ሰው እንዲህ ባለ ብርዳም ከተማ ኮምፒውተር አይግልም ብሎ ያስባል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ በሂትሲንኩ (ፕሮሰሰሩ ላይ ተቀምጦ ሙቀቱን በሚያወጣው ብረት) ክንፎች መካከል ሲያልፍ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ብርዱ ይህን ቢያካክሰውም የበጋው አቧራ ክንፎቹን ሲደፍናቸውና ተርማል ፔስቱ ሲደርቅ ማካካሻው አይበቃም። ስለዚህ ጥገናው ተገቢ ነበር።

«ጋሼ፣ ፕሮሰሰሩ ሳይቃጠል አልቀረም» አለኝ ልጁ ፊቱ ተለዋውጦ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋም ማዘርቦርድ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) እና ፕሮሰሰር ከአዲስ አበባ እንዲገዛ የሚጠይቅ ደብዳቤ ማስጻፍ ጀምረው ነበር። እኔ ግን ሳይከፈት የሠራ ማሽን ተከፍቶ ሲዘጋ እንቢ ካለ፣ ተቃጠለ ከማለት አስቀድሞ እጅ የነካውን ሁሉ መመርመር ይገባል የሚል እምነት ስላለኝ «መጀመሪያ የነካኸውን ሁሉ በቅደም ተከተል ንገረኝ» አልሁት። የፋኑን ኬብል ነቅሎ፣ አራቱን ብሎኖች ፈትቶ ሂትሲንኩን ካነሣ በኋላ፣ የሶኬቱን (ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበትን መሰኪያ) ማቀፊያ ከፍቶ ፕሮሰሰሩን አውጥቶ በአልኮል በነከረው ጨርቅ ጠርጎት ነበር። የሶኬቱን ጠርዝ የነካ ፔስት ስላየም በዚያው ጨርቅ ጠረገው። ይህን አንድም ሳይደብቅ መናገሩ ብዙ ድካም አስቀርቶልናል።

ኬብሉን ከግድግዳው ነቅለን፣ የቀረውን ኃይል ለማስወጣት ማብሪያውን ተጭነን ያዝን። በበጋው ደረቅ ብርድ የሱፍ ሹራብ ለብሶ የሚሠራ ሰው ኤሌክትሪክ በሰውነቱ ስለሚጠራቀም፣ ማዘርቦርዱን ከመንካታችን በፊት ሁለታችንም የካሲንጉን ባዶ ብረት ነካን። ቀጥሎም ለፕሮሰሰሩ 12 ቮልት የሚያደርሰውን ባለ 4 ፒን ኬብል አየን፤ እርሱ ሲረሳ ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ይጨልማልና፣ ከእንዲህ ዓይነት ጥገና በኋላ በቅድሚያ የሚጠረጠር ነው። በቦታው ነበር። የባዮሱን (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣውን መነሻ ፕሮግራም) ባትሪ አውጥቶ መመለስም፣ የሂትሲንኩን ብሎኖች አላልቶ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል እኩል ማጥበቅም ለውጥ አላመጣም።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ሙከራ ገንዘብ የማያስወጣ ሆኖ ሳለ ብዙ ባለሙያ የሚዘነጋው ነው። ራሞቹን (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻዎች) በሙሉ አውጥተን ኮምፒውተሩን አበራነው። ፋን የሚዞረው ከፓወር ሳፕላይ በሚመጣ ኃይል ስለሆነ መዞሩ ስለ ፕሮሰሰሩ ደኅንነት ምንም አይመሰክርም፤ «ራም የለም» የሚለውን የቢፕ ጥሪ የሚያሰማው ግን በባዮስ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ነው፤ ያንን ፕሮግራም የሚያስኬደው ደግሞ ራሱ ፕሮሰሰሩ ነው። ስለዚህ ያለ ራም የሚጮኽ ማሽን ፕሮሰሰሩ በሕይወት አለ ማለት ነው። የእኛው ዝም አለ። ፕሮሰሰሩ ሥራ አለመጀመሩን በዚህ አወቅን፤ ሞቶ ይሁን መንገድ ተዘግቶበት ግን ገና አልለየንም።

ፕሮሰሰሩን አንሥተን ሶኬቱን በመስኮቱ ብርሃን ወደ ጎን እያዘነበልን ተመለከትነው። ይህ ዓይነቱ የኢንቴል ሶኬት 1151 ፒኖች (ፕሮሰሰሩን የሚነኩ ጥቃቅን የብረት እግሮች) ያሉት ሲሆን ፒኖቹ እንደ ደኅና የገብስ ማሳ እኩል ተሰልፈው ማብረቅረቅ አለባቸው። በአንደኛው ጠርዝ በኩል ግን ብርሃኑን የማትመልስ አንዲት ጥቁር ነጥብ ታየች፤ በስልክ ካሜራ አጉልተን ስናያት ጎረቤቷ ላይ የተጋደመች ፒን ሆና ተገኘች፤ ከሥሯም ቀጭን የጨርቅ ክር ተጠምጥሟል። ክሩን በወረንጦ አወጣሁት፤ ፒኗንም በመርፌ ጫፍ ከሥር ደግፌ በጣም በዝግታ አቃናኋት። እንዲህ ያለች ፒን ደጋግሞ መታጠፍን ስለማትችል እዚህ ላይ መቸኮል ማዘርቦርዱን ያሳጣል።

ፕሮሰሰሩን መልሰን ያለ ራም ስናበራው ጮኸ። ልጁ ያን ጊዜ ነው በረጅሙ የተነፈሰው። ሁለቱን ባለ 4 ጊጋባይት ራሞች ስንመልስ ዊንዶውስ ተነሣ፤ ሆኖም የሚታየው 8 ሳይሆን 4 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ራሞቹን ብናቀያይራቸውም የማይታየው በዚያው ማስገቢያ የተሰካው ስለነበር፣ ችግሩ ከራሙ እንዳልሆነ ታወቀ። በእነዚህ ፕሮሰሰሮች ራሙን የሚቆጣጠረው ክፍል በፕሮሰሰሩ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ከራም ማስገቢያው የሚመጡት መስመሮች በሶኬቱ ፒኖች በኩል ያልፋሉ። እንደገና ከፍተን ስናይ ጎረቤቷ ፒን በጥቂቱ ዝቅ ብላ ተገኘች። እርሷም ስትቃና 8 ጊጋባይቱ ሙሉ ሆነ፤ ደመወዙም በዚያው ዕለት ተሠራ።

ከዚያ ወዲህ በክፍላችን ተርማል ፔስት ሲቀየር የኢንቴል ፕሮሰሰር ከሶኬቱ አይወጣም፤ ማቀፊያው እንደተቆለፈ ላዩን ብቻ መጥረግ ይበቃል፤ ለመጥረጊያም ክር የሚለቅ ጨርቅ አንጠቀምም። ኤኤም 4 በተባለው የኤኤምዲ ኩባንያ ሶኬት ላይ ጥንቃቄው ሌላ ነው፤ ፒኖቹ በፕሮሰሰሩ ሆድ ላይ ስለሆኑና የደረቀ ፔስት ፕሮሰሰሩን ከሂትሲንኩ ጋር አጣብቆ ከተቆለፈ ሶኬት ሊመዘው ስለሚችል፣ ማሽኑን ጥቂት አሙቆ ካጠፉ በኋላ ሂትሲንኩን ወደ ላይ ከመሳብ በፊት በቀስታ ግራና ቀኝ ማዞር ያስፈልጋል። የግዢ ደብዳቤው ሳይፈረም ቀረ፤ ኃላፊዋም በምትኩ ማጉያ መነጽር፣ ለስላሳ ብሩሽና ክር የማይለቅ መጥረጊያ እንዲገዛልን ጠየቁ።